ኩፍኙ የተጋባበት ክፍል

እሑድ

የሲጋልም የደም ውጤት መጣ። ኩፍኝ ነው። ቀድመው ከታመሙት ሁለት ወንዶች ልጆች ጋር ሦስት ሆኑ። ሁሉም ከኢትዮጵያ የመጣነው የእኛ ልጆች፣ ሁሉም ገና ጎረምሶች። ትምህርት ቤታቸው ለየቅል፣ ሰፈራቸውም ለየቅል። የጤና ቢሮው ሐኪም የት እንደተገናኙ ካላወቅን ቀጥሎ ማን እንደሚታመም አናውቅም አለችኝ። ከነርሶቹ አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሥራው የእኔ ሆነ። ወንዶቹ ጋ ደወልኩ። "የትም አልሄድንም" አሉኝ፣ አንድ ላይ ያጠኑት ይመስል። የደበቁት ነገር አለ።

ሰኞ

ቂርያት ሃዮቨል የሚባለው ሰፈር፣ ሲጋል ቤት። እናቷ እትዬ ያለምነሽ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። ኩፍኝ እንግዳ አይወድም፣ መርፌም አይወድም አሉኝ። እናቴም ጎንደር ሳለን እንዲሁ ትል ስለነበር አልተከራከርኳቸውም። ላያት ብቻ ነው የመጣሁት፣ አልወጋትም አልኳቸው። አስገቡኝ።

መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደውታል። የልጅቱ ዓይን ቀልቷል፣ ሽፍታው ደረቷ ላይ ወርዷል። ትንፋሿ ግን ደህና ነው፣ ውሃም ትጠጣለች። እናቷ ፊት ትንፍሽ አላለችም። እሳቸው የአጃ ሾርባ ሊያማስሉ ሲሄዱ በዕብራይስጥ ዘረገፈችው። ኢትዮጵያ ጎዳና፣ አልማዝ የምትባል ሴት ክፍል ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር አማርኛ ይማራሉ። "እናቴ ስታወራ ግማሹ ያመልጠኛል" አለችኝ። ታዲያ ለምን ትደብቂያለሽ አልኳት። አልማዝ ክርስቲያን ናት፣ ቤቷም ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፤ እኛ ደግሞ አይሁድ ነን፣ እናቴ አልማዝ ሃይማኖቴን ልታስለውጠኝ የምትፈልግ ይመስላታል አለች። እንዳልናገር አስማለችኝ።

ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። "አልማዝ እርጉዝ ናት።"

ሾርባውን ሳልቀምስ ሮጥኩ። እትዬ ያለምነሽ ሳይቀየሙኝ አልቀሩም።

ማክሰኞ

ኩፍኝ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፣ ክትባቱም አይሰጣትም፤ አልማዝን ከዚህ በፊት ካልያዛት ቶሎ ሌላ ዓይነት መከላከያ መርፌ ያስፈልጋታል፤ ጊዜው ጠባብ ነው። እሷ ግን በሩን አትከፍትም። ሰው እንዳለ ይሰማኛል፤ ስሊፐር ሲጎተት ሰምቻለሁ። ቪዛዋ እንዳለፈ ሲጋል ነግራኛለች። ፖሊስ መስዬያት ይሆናል።

በበሩ ስንጥቅ "እህቴ፣ ስለ ቪዛ አይደለም የመጣሁት፤ ስለ ሆድሽ ነው" አልኳት።

ከፈተች። ቀጭን ናት፣ ሆዷ ብቻ ገፍቷል። ስምሽ ከእኛ ቢሮ አይወጣም አልኳት። የጤና ቢሮዋ ሐኪም ቃል ገብታልኛለች፤ ቃሏን ትጠብቅ እንጂ። በልጅነቷ ኩፍኝ ወጥቶባት እንደሆነ ጠየቅኳት። አታውቅም፤ የሚያውቁት እናቷ ነበሩ፤ እሳቸውም ሞተዋል። ለምርመራ ደም ስወስድላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ልጄን ጎድቼው ይሆን?" አለችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ራሴ እነግርሻለሁ አልኳት።

ረቡዕ

ውጤቱ አልመጣም። ምሳ አልበላሁም።

አልማዝ ደውላላቸው ያልታመሙት ተማሪዎቿ ለክትባት መጡ። አንድም የቀረ የለም! ከሁለቱ ወንዶች ትልቁ ከውጭ አገር ጉዞ እንደተመለሰ እያሳለ አልማዝ ጋ ትምህርት ገብቶ ኖሯል። ጠባብ ክፍል፣ የተዘጋ መስኮት፤ ነገሩ ተገጣጠመ። ከተማሪዎቹ አንዱ በአማርኛ "ቀስ ብለሽ ውጊኝ" ሊለኝ ፈልጎ "ቀስ ብለሽ ውለጂኝ" አለኝ። መርፌውን አስቀምጬ ሳቅኩ። ከእሑድ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ

አልማዝ በልጅነቷ ኩፍኝ ታማ ነበር! ደሟ መከላከያውን ይዟል። ራሴ ሄጄ ነገርኳት። በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ራበኝ አለች። ዳቦ ገዝተን በላን።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ያለምነሽ ደወሉ። የሲጋል ትኩሳት ለቋታል። ልጅቱ ሁሉንም ራሷ ነግራቸዋለች፣ በአማርኛ፣ እየተንተባተበች። "እኔን ለማናገር ብላ ነው ሰው ቤት የምትንከራተት?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

"ነፍሰ ጡሯስ? ደህና ናት?"

ደህና ናት አልኳቸው። ተመስገን ብለው፣ ሲጋል ስታገግም አብረዋት ሄደው አልማዝን ሊያዩዋት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሃይማኖቷን ትለውጣለች የሚለው ፍርሃታቸው የለቀቃቸው አይመስለኝም። ግን አድራሻውን ጠየቁኝ። አልማዝን ሳላስፈቅድ አልሰጥም አልኳቸው፤ ደግ አደረግሽ አሉኝ።

ዛሬ አዲስ ታማሚ አልመጣም።