የባለ ካሜራው የሕይወት ታሪክ፣ ከአንድ ማረሚያ ጋር

ባለ ካሜራው ሐምሌ 9 ቀን 1948 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን የሳሎኑን ግማሽ ባልዲ ስለሚይዘው አንድ ተኩል ማለት ይቀላል። የትኛው ባልዲ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁት የበኩር ልጁ እርሳቸው ነበሩ። የታናሽ ወንድማቸው ሥራ የሞላውን መድፋት ነበር፤ እሱንም በስንት ልመና። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው እሱ ነው።

እኅታቸው ጽሑፉ አጭር እንዲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ጉዳይም እንዳይነሣ አደራ ብለዋል። ለማጠሩ ያጥራል። የጣሪያው ጉዳይ ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ሲያጎድፍ ኖሯልና ሳይስተካከል አፈር አይለብስም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ባለ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሕንፃ ሥራ አጥንተው በ1967 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በሕንፃ ጥገና መሥሪያ ቤትም በተቆጣጣሪነት ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህርቷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ሰው ቤት ሲጋበዙ ቀድመው ቀና ብለው ኮርኒሱን ካዩ በኋላ ነበር ወደ ሰላምታው የሚመለሱት። ባለቤታቸው፣ አንድ ቀን እንኳ የሰው ፊት ቢያዩ ምን አለበት እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ1995 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው ለሦስት ወር ሥልጠና ልኳቸው የሙቀት ካሜራ ይዘው ተመለሱ። እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልለው ነበር የሚያንቀሳቅሱት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከጣሪያ ሽፋን ሥር የተነጠፈው ሙቀት መከላከያ ውኃ ከጠጣ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ ደረቁ ቦታ ይቀዘቅዛል፤ እርጥቡ ሞቅ እንዳለ ይቆይና በካሜራው ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚህ መንገድ በስድስት ዓመት ውስጥ የስንቱን ክሊኒክ፣ የስንቱን መጋዘን የተደበቀ ፍሳሽ አውጥተዋል። ሽፋኑ ተቀዶ ሲታይ ጣሪያውን የሠራው ባለሙያ እንዲገኝ ከሦስት ቀን በፊት ያስጠሩታል። ሰው በሌለበት አይፈረድበትም ይሉ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ እንዲያዩ ታዘዙ። ያንን ጣሪያ በሬንጅ የለበጠው በዚያን ጊዜ የጣሪያ ሥራ ተቋራጭ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ካሜራው ከአሸንዳው አጠገብ የበር ስፋት ያለው ነጭ ቦታ አሳየ። ቦታውን በቢጫ ቀለም ከበው ቁጥር 7 ጻፉበት፤ ሥራው ጥራት የለውም ብለው ሪፖርት አደረጉ። ወንድሜ ነው ብለው አላለፉም። እንደ ደንባቸው ግን ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ሰኞ ጠዋት ይከፈታልና እንዳትቀር አሉት።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ባሉበት ሽፋኑ ተቀደደ። ከሥሩ ያለው ድርቅ ያለ ነበር። ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ባለ ካሜራው በዚያው ዕለት፣ ምስሉን በተሳሳተ መንገድ አንብቤአለሁ የሚል ደብዳቤ ጽፈው በአራት ቅጂ በተኑ። ካሜራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እርሳቸውም በ2008 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት ተቀመጡ። ምስሉን ግን መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጠው እያወጡ ያዩት ነበር። አንድ ጊዜ ወንድማቸውን፣ ምን አሳስቶኝ ይሆን ብለው ጠየቁት። ፀሐይ ትሆናለች አላቸው። እሳቸውም አመኑት።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኅታቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

ማረሚያው ይህ ነው፤ ከዚህ ወዲያ በራሴ አፍ እናገራለሁ። ሰኞ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት ብቻዬን ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ሽፋኑን ቀድጄ ከሥሩ ያለውን ሳነሣው ውኃው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አራሰው። በደረቅ ተካሁት፣ ሬንጁን አቅልጬ መልሼ ለጠፍኩ፣ ቢጫውን ክብና ቁጥሩን በእሳቸው አጻጻፍ መልሼ ጻፍኩ። አልቸገረኝም፤ ቁጥር መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጣሪያው እርጥብ ነበር። ወንድሜ በትክክል ነው ያነበቡት። ያ ደብዳቤ በእጃችሁ ካለ ዛሬውኑ ቅደዱት፤ መዝገብ ቤት ያለውንም እኔው ሄጄ አሳርመዋለሁ። ትናንት ለባለቤታቸው ነገርኳቸው። ጽሑፉን ለሌላ ሰው አትስጥ፣ ራስህ ቆመህ አንብበው አሉኝ። ይኸው ቆሜአለሁ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን እውነተኞች በሚያርፉበት ያሳርፍልን። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ አወራኋቸው እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።