ብራንት ካሸነፈ ሶፋው በነጻ

ለልጄ እናት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ልጠይቅ። የዘንድሮ የካሮላይና ሙቀት ራስ ምታትሽን አልቀሰቀሰብሽም? እኔ እግዜር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ልጃችንም ደህና ናት፤ አንድ ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ እናትሽን መስላለች።

የምጽፍልሽ ሶፋ ሱቃችን በር ላይ ስለለጠፍኩት ማስታወቂያ ነው። «የከተማችን የጎልፍ ጀግና ብራንት እሁድ ዋንጫውን ካነሳ፣ በዚህ ሳምንት የሸጥነው ዕቃ ሁሉ ገንዘቡ ይመለሳል» ይላል። ሰው ለብራንት ፍቅር ብዬ የሰቀልኩት መስሎታል። ጥለሽኝ ቤቱ ለገባሽው ሰው።

እንዲህ የሚያውጅ ባለሱቅ መጀመሪያ ኢንሹራንስ ይገባል፤ ጎልፈኛው ቢያሸንፍ ከፋዩ ኢንሹራንሱ ነው። እኔ አልገባሁም። ከአባቴ ጊዜ ጀምራ ሶፋ የምትሸጥልን ሎሬታ «አንተ ልጅ ተው፣ ሱቁን ልታስበላው ነው» አለችኝ። እሁድ ሲደርስ ይስታል፣ አውቀዋለሁ አልኳት። «አንተ የምታስበው እሷን ነው፤ ቅናት ደግሞ ሱቅ አይጠብቅም» ብላኝ ሄደች። እውነቷን ነው። ኢንሹራንስ ብገባ ያሸንፋል ብዬ ያመንኩለት ይመስለኝ ነበር።

ሰዉ ሱቁን ገልብጦ ወሰደው። ፓስተራችን እንኳ በረቡዕ ጸሎት ላይ «ለብራንት ጸልዩ» ብለው፣ በማግስቱ መጥተው የቆዳ ወንበር ገዙ።

እሁድ ጎረቤቱ ሁሉ እኛው ሱቅ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ብራንት አንዲት አጭር ምት ቀረችው፤ ኳሷ ብትገባለት ዋንጫው የሱ፣ የአባቴ ሱቅ የባንኩ። ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ይጸልያል፤ እኔም በመሃላቸው እጄን ሰጥቼ እንድትስት ጸለይኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ የኔ ግን ተሰማልኝ። ኳሷ የጉድጓዱን አፍ ታክካ አለፈች።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ከዚያ ካሜራው አንቺን አሳየን። የተመልካቹን ገመድ አልፈሽ ሄድሽና፣ ኮፍያውን አውልቀሽ ግንባሩን ትከሻሽ ላይ አሳረፍሽው። ሰው ሁሉ እያያችሁ ብዙ ቆማችሁ። አሸንፎ ብትስሚው ኖሮ ይህን ያህል ባልቀናሁ፤ አሸናፊን ማንም ያቅፋል። ያኔ አብረን ሳለን ባንኩ ሱቁን ሊወስድብን ሲል፣ እኔ ኩሽና ውስጥ ፊቴን ይዤ ስቀመጥ፣ አንቺ በአጠገቤ አልፈሽ መኝታ ቤት ገባሽ።

ሱቁ ተርፏል። ያገኘኝ ሁሉ እድለኛ ነህ ይለኛል።

እግዜር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ እንጀራሽን ይባርክልሽ። እሱንም ልመርቀው አስቤ ነበር፤ ምን ጎድሎት ብዬ ተውኩት።

የልጅሽ አባት