እያጓራ ከደጅ ደጅ ስለሚዞረው በረዶ መጥረጊያ

ለካሚኑማ መንደር ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ለክቡር ኩማጋይ ሞሪሂኮ
(ማንም እንዲያነበው በመንደሩ አዳራሽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በረዶው ከጣራ ጫፍ በደረሰበት በዚህ ወር እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የሚያስቸግርዎ ወገብዎም ደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት ከባለቤቴ ከታኬጂ ሦስት ጣቶች በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ጣቶቹን የወሰዳቸው ማኅበራችን በጋራ የገዛው፣ በረዶ እየዋጠ የሚተፋው ማሽን መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ማኅበሩም ባለፈው ስብሰባ ነገሩን «የታኬጂ የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ዘግቶታል። ስለ ጥንቃቄ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና፣ ያልገቡኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና ልጠይቅ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ማሽኑ ሰው እጁን ሲያነሣ ምላጩን የሚያቆም እጀታ አለው። የሠሩት ሰዎች ይህን ያህል የደከሙት በከንቱ ነበር፤ እርስዎ እጅ እንዳይዝል ብለው እጀታውን ጨምቀው በፎጣ አሰሩት። ፎጣውም ማኅበሩ በኅዳሩ የጥንቃቄ ስብሰባ ለየቤቱ ያደለው፣ «ጥንቃቄ ይቅደም» የሚል የታተመበት ነው። ቋጠሮው ግን ጠንካራ ነበር፤ እጅዎ ይባረክ።

ሁለተኛ፣ አፉ በእርጥብ በረዶ ሲታፈን የሚጎረጎርበት ዱላ ከጎኑ ተሰክቶ ነበር የመጣው። ያ ዱላ ዛሬ እርስዎ ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ፣ ፍጅል ተንጠልጥሎበት ይጨሳል። የባለቤትዎ የጭስ ፍጅል በመንደሩ ወደር እንደሌለው እመሰክራለሁ፤ ዘንድሮ ግን አንዱም በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ሦስተኛ፣ ድንጋይ ሲገባ ራሳቸው ተሰብረው ማሽኑን የሚያድኑትን ብሎኖች «በየጊዜው እየተሰበሩ አስቸገሩ» ብለው በወፍራም ብረት ስለተኩልን እናመሰግናለን። አሁን ከሰው አጥንት በቀር የሚሰበር ነገር የለም።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። በመንደራችን ማሽኑን አጥፍቶ ለጎረቤት ማስረከብ ነውር ነው፤ በብርድ የሞተር ማስነሻ ገመድ ሲጎትት ይዋል እንደማለት ይቆጠራል። ስለዚህ እያጓራ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ያን ዕለትም እርስዎ ራስዎ እያጓራ አመጡልን፤ እኛ በር ላይ ሲደርስም አፉ ታፈነ። ታኬጂ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ እኔ ደጃፍ ቆሜ እሰማ ነበር። «ተው እንጂ፣ አታጥፋው፤ ኋላ አይነሣልህም። ሰው ተራ እየጠበቀ ነው፣ በእጅህ ጠረግ አርገው» አሉት። ባለቤቴ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ተከራክሮ አያውቅም። ጎንበስ አለ።

ሆስፒታል ድረስ መጥተው ስለጠየቁን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያመጡት ፖም እኛው ለዓመት መለወጫ የሰጠንዎ መሆኑን ከሣጥኑ ለይቼዋለሁ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «አይዞህ ታኬጂ፣ እንኳንም የግራህ ሆነ» አሉት። ታኬጂ ግራኝ ነው። ከልጅነታችሁ ጀምሮ በአንድ ማሳ ሩዝ ስትተክሉ ኖራችሁ፣ በየትኛው እጁ እንደሚተክል ልብ አላሉም። እሱ አመስግኖ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ኮሪደር ወጥቼ አስመለሰኝ። የሆስፒታሉ ሽታ አልነበረም፤ እርስዎ ነዎት ያቅለሸለሹኝ። በስብሰባውም ጥፋቱ የታኬጂ ነው የሚል እጁን ያውጣ ሲባል፣ በፋሻ ከተጠቀለለው ከእሱ እጅ በቀር ያልወጣ እጅ አላየሁም።

ትናንት ደግሞ ተራችን ደርሶ ማሽኑ እያጓራ፣ በዚያው ፎጣ እንደታሰረ መጣ። ከእኛ ቀጥሎ ያሉት እማማ ቶሜ ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ጆሯቸው የከበደ። አፉ ቢታፈንባቸው እጃቸውን እንደሚሰዱ ጥርጥር የለኝም፤ ሁላችንም ከእርስዎ ነውና የተማርነው። ስለዚህ ሞተሩን አጠፋሁት፣ ፎጣውን በቢላ ቆረጥኩት፣ ያለ እሱ ሞተሩ የማይነሣውን ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። የእማማ ቶሜን ደጅም በአካፋ ጠረግኩላቸው። ዱላው ሳይመለስ፣ ትክክለኛው ብሎን ሳይገባ፣ ማኅበሩም ሞተር ጠፍቶና ምላጩ መቆሙ በዓይን ታይቶ ካልሆነ ማንም አፉን እንዳይነካ ሳይወስን ማሽኑ ከጎተራችን አይወጣም። ሲወጣም ጠፍቶና ቀዝቅዞ ይወጣል። ነውር ነው ከተባለ፣ ነውረኛዋ እኔ ነኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ሙሉ አካል እየተመኘሁ፣ ለመሪነትዎ የሚገባውን አክብሮት ያህል ብቻ እጅ እነሣለሁ።

ኦይካዋ ሃሩኤ
የታኬጂ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ደጅዎን በአካፋ ሲጠርጉ በመስኮት አይተንዎታል። ታኬጂ «ሞሪሂኮ ብቻውን ነው፣ ወገቡንም ያመዋል፤ ሄጄ ላግዘው፣ እስቲ ጓንቴን አጥልቂልኝ» አለኝ። አላጠለቅኩለትም።