ከአራቱ ነጥቦች የቀረው

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሦስቱን አይሆንም ብለዋል። አራተኛውን ግልጽ አይደለም።

የፓተንት መሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ያመጣልኝ የባለቤቴ የገመቹ ወንድም ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ሳምንታት ተቀምጦ ነበር አለ። ገመቹ ከፍቶ አንብቦ፣ የብየዳ ዕቃው መሃል ጥሎታል። "አንቺ ጋ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው" አለኝና ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ።

እስከ መጪው ሰኞ መልስ ካልሰጠን ማመልከቻውን እንደተውነው ይቆጠራል። እንደተውነው። እዚህ ቃል ላይ ስደርስ እየተመለስኩ አነባለሁ።

ወንበሩን የሠራነው ለሲፈን ነው። ልጃችን ጭንቅላቷን መሸከም አትችልም ነበር። ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፊዚዮቴራፒ፣ በሚኒባስ ስንመላለስ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጭንቅላቷ ወደፊት ይወድቃል። እናም የታክሲ ወንበር ላይ የሚታሰር ትንሽ ወንበር ሠራን። ሸራውንና መታጠፊያውን እኔ አሰብኩ፣ የጭንቅላቱን ነገር ገመቹ። ፓተንት እንጠይቅበት ያልኩት እኔ ነኝ። ማመልከቻውን ስናስገባ በሕይወት ነበረች። ነሐሴ ላይ በሳንባ ምች አረፈች። በመስከረም ገመቹ ልብሱን ይዞ ሰሚት፣ ወንድሙ ጋ ገባ። እንለያይ እንኳን አልተባባልንም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

በምሳ ሰዓት ካርጎ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት። ሥራዬ የጭነት ሰነድ ነው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት አያስፈራኝም። ይሄኛውን ግን ሦስቴ አነበብኩት።

ደብዳቤው "የይገባኛል ነጥቦች" ይላቸዋል፤ ይህ የእኛ ፈጠራ ነው ብለን የጻፍናቸውን።

አንደኛ፣ የሚታጠፍ መሆኑ። ውጭ አገር ቀድሞ የተመዘገበ አለ፤ ሥዕሉን አያይዘዋል። አየሁት። ቁርጥ የኔው ነው። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ከእኔ በፊት አስቦታል። ለማን ይሆን የሠራው?

ሁለተኛ፣ በጀርባ የሚታዘል መሆኑ። እሱም አለ።

ሦስተኛ፣ "ለስላሳና ምቹ ልባስ" ብዬ ነበር። ምቹ ማለት መለኪያ የለውም ይላሉ። ልክ ናቸው። የኛ መለኪያ ሳቋ ነበር።

አራተኛ፣ የጭንቅላት ድጋፉ። ከታወቁት ድጋፎች በምን እንደሚለይ አልተብራራም። ተብራርቶ ቢቀርብ ይታያል። ይታያል ነው የሚለው! አንድ በር አልተዘጋም ማለት ነው።

ደግሞም፣ "ልጅቷ" የሚለው በየቦታው "ተጠቃሚ" ተብሎ ይስተካከል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ወንበሩን አይቼ ድጋፉን ልጽፍ ብዬ ዕቃ ቤት ገባሁ። የለም። አልጋ ሥር የለም። ቁም ሳጥኑ ላይ የለም። እስከ ዛሬ ገብቼ ለማየት ወኔ አጥቼ፣ አለ ብዬ ስኖር ነው የከረምኩት።

ገመቹ ጋ ደወልኩ።

"ወንበሩ የት ነው?"

"ሰጠሁት።"

"ለማን?"

"ለዘይነባ ልጅ።"

ዘይነባን ፊዚዮቴራፒ ወረፋ ላይ ነው ያወቅናት። የወሎ ሴት ናት፣ ልጇም እንደ ሲፈን ናት። ገመቹ ልብሱን የወሰደ ዕለት ነው ለካ ወንበሩን ይዞት የወጣው።

"ሳትነግረኝ?"

"ብነግርሽ ትሰጪ ነበር?"

ዘጋሁበት። አልሰጥም ነበር። የዚህን ያህል ያናደደኝ ነገር የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እንገናኝ ብሎ ጻፈልኝ። ከሥራ በኋላ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አንድ ካፌ። ቀድሞኝ ደርሷል። ከስቷል። ማኪያቶ አዘዝን፣ ሁለታችንም አልነካነውም።

"ተዪው ምሕረት" አለኝ። "ለማን ብለን ነው የምንከራከረው?"

"እኔም አላውቅም። ግን ዝም ካልን ተዋችሁት ይሉናል። እኔ አልተውኩም።"

ስለ ወንበሩ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ደብዳቤውን አውጥቼ የውጭዎቹን ሥዕል አሳየሁት። እነሱ ጭንቅላትን ጥርቅም አድርገው ነው የሚይዙት። የኛስ?

"እንደ እጅ ነዋ።"

"እንደ እጅ ብዬ አልጽፍም ገመቹ። አስረዳኝ።"

ሞከረ። ስፕሪንግ አለ፣ ጎማ አለ፣ ቃል አጣ። ከዚያ የተቀመጠበትን ወንበር ወደ እኔ ሳበና አንድ እጁን ማጅራቴ ላይ፣ ሌላውን ግንባሬ ላይ አደረገ። ከመስከረም ወዲህ እጁ ነክቶኝ አያውቅም።

"ታክሲ ውስጥ ነሽ። አሁን ፍሬን ያዘ።"

ወደፊት ወደቅሁ። እጁ አልከለከለኝም፣ አብሮኝ ሄደ። ቆመ። ከዚያ ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጎ መለሰኝ።

"አየሽ? ስትሄድ አልታገላትም፣ አንገቷን ያማታል። ስትመለስ ነው የማዘገያት።"

አልታገላትም አለ። አልታገላትም ነበር አላለም። አስተናጋጇ ልትጠይቀን መጥታ ተመለሰች።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ሦስቱን ሰረዝኩ። መታጠፊያዬ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። በኋላ ግን እሱንም ሰረዝኩት።

የቀረው ይሄ ነው፦ "የተጠቃሚውን ጭንቅላት የሚይዝ ድጋፍ፤ ተሽከርካሪው ሲቆም ከጭንቅላቱ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ከሄደበት በዘገየ ፍጥነት ወደ ቦታው የሚመልስ።"

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ገልጬ አመሳከርኩ። ገመቹ ማብራሪያው ውስጥ "ሲሄድ ይለቃል፣ ሲመለስ ያዘገያል" ብሎ አንድ መስመር ጽፏል። ተመስገን። ያኔ ያልተጻፈ ነገር አሁን አይገባም።

ከሰዓት ገመቹ ደወለ። ከጭኗ ሥር የምናደርጋትን ትንሿን ትራስ ጨምሪያት አለኝ። ትራሷን የሠራት ካመለከትን በኋላ፣ ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲፈን መንሸራተት ተወች፤ መንገዱን ሙሉ ትተኛ ነበር።

ምናልባት ብዬ ደብዳቤውን የፈረመችው መርማሪ ጋ ደወልኩ። ድምጿ ለስላሳ ነው። "እህቴ፣ ይገባኛል" አለችኝ። "ግን መጀመሪያ ባስገባችሁት ውስጥ የሌለ ነገር አይጨመርም። አሁን ማጥበብ እንጂ ማስፋት አትችሉም።"

ለገመቹ ነገርኩት።

"በጣም የተመቻት ግን ትራሷ ነበረች" አለ።

"አውቃለሁ።"

"እሺ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሊፈርም መጣ። በገዛ ቤቱ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ "ልግባ?" አለኝ።

ከማለዳ ጀምሮ "ልጅቷ"ን ስለቅም ነበር። ልጅቷ፣ ተጠቃሚ። አንገቷ፣ የተጠቃሚው አንገት። ወገቧ፣ የተጠቃሚው ወገብ። የቃሉን ጭራ እየቆረጥኩ። መጨረሻ ላይ የማንም ልጅ ሆነች።

ገመቹ በጣቱ መስመር መስመሩን እየተከተለ አነበበ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ። አንድ "ጭንቅላቷ" አምልጦኛል። አስተካከልኩት፤ እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ጠበቀኝ።

ፈረመ። ወደ ክፍሏ አልገባም። የሰሚት ታክሲ ወረፋ ሳይበዛ ልሂድ አለ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ተኝቼ ዋልኩ። ልብስ አላጠብኩም፣ ምሳ አልሠራሁም።

ዘይነባ ደወለች። ገመቹ ነግሯት ይሁን እንጃ። ልጇ ትናንት ታክሲ ውስጥ አንዴም እንዳላለቀሰች ነገረችኝ። "አላህ ይስጣችሁ፣ ወንበሩን ባየሁ ቁጥር ነው የምመርቃችሁ።" ደስ ብሎኛል አልኳት። ግማሹ እውነት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አስገባን። አብረን ሄድን።

መርማሪዋ ከድምጿ ይልቅ ልጅ ናት። ቆማ አነበበችው። "አሁን ልዩነቱ ግልጽ ነው" አለች። ወዲያው ደግሞ ውሳኔው ጊዜ እንደሚወስድ፣ ይፈቀዳል ብላ ቃል መግባት እንደማትችል ነገረችን። እሺ አልን። ፋይሉን ልትዘጋ ስትል ከማመልከቻው ጋር ያያያዝነውን ፎቶ አየችው፤ ሲፈን ወንበሩ ላይ ሆና የምትስቅበትን።

"ስታምር! አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች?"

"አርፋለች" አለ ገመቹ። "ነሐሴ ላይ።"

መርማሪዋ ደነገጠች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለች። የተቀበለችበትን ወረቀት ማኅተም አድርጋ በሁለት እጇ ሰጠችን።

ደረጃው ላይ ገመቹ ተቀመጠ። አለቀሰ። በቀብሯ ቀን አላለቀሰም፤ ወንበር ሲደረድር፣ ውሃ ሲያድል ነበር የዋለው። ሰው በአጠገባችን ይወጣል ይወርዳል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ክንዱን ያዝኩት። ተነስ አላልኩትም።

መገናኛ ላይ ተለያየን። እሱ ወደ ሰሚት፣ እኔ ወደ ገርጂ። "ቻው" ብቻ ነው የተባባልነው።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ መልእክቱ መጣ። "ገባሽ?" ይላል።

"ገባሁ" ብዬ ላክሁለት። ሌላም ነገር ልጽፍለት ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም። ስልኩን አሁንም ይዤዋለሁ።