ለእኔ ያልተፈቀደ ውጤት

ሰኞ

ታደሰን ላከችው። ዓሣ ነጋዴውን! የኮሌጁ ሬጅስትራር ኃላፊ እኔ አባቷ ሆኜ፣ ምህረት የሴሚስተር ውጤቷን እንዲቀበልላት የላከችው የእናቷን ባል ነው። ወባ ይዟት ተኝታለች አለ። መታመሟንም ከእሱ ሰማሁ።

የውክልና ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ስም፣ ፊርማ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ቀን። አንድ ስህተት ባገኝ እመልሰው ነበር። የለበትም። እንዲህ መጠንቀቅን የተማረችው ከእኔ ነው፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ፀሐፊያችን አልማዝ ውጤቱን አትማ፣ በፖስታ አሽጋ ሰጠችው። እኔ እንዳላይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» ብሎ ፖስታውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ጋሼ! በዕድሜ እሱ ነው የሚበልጠኝ።

ማክሰኞ

ከዶርዜ የወረደ አንድ አባት ልጁ ማለፍ አለማለፉን ሊጠይቅ መጣ። ልጅዎ ካልፈቀደ አላሳይም አልኩት።

«ሸማ ሸምኜ የማስተምረው እኮ እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ቢሆንም ፋይሉ የእሱ ነው። አዋቂ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝና «እርስዎ ልጅ የለዎትም መሰለኝ» አለኝ።

ማታ ለምህረት ደወልኩ። ተሽሏታል። ውጤትሽስ? «ደህና ነው አባዬ።» ደህና የሚባል ግሬድ አላውቅም። ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም አልኳት።

«አንተ ትመረምረኛለህ። ታዲዬ አምጥቶ ይሰጠኛል፣ በቃ።»

ታዲዬ! እንቅልፍ የለም ዛሬ።

ረቡዕ

ከፈትኩት።

በምሳ ሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን። ያለ ሥራ ጉዳይ የተማሪ ፋይል መክፈት ክልክል ነው፤ ሲስተሙም የከፈተውን ሰው ስም ይመዘግባል። ይህን ለሠራተኛው ሁሉ የምነግረው እኔ ነኝ። ታደሰ የሚያውቀውን እኔ ሳላውቅ ማደር አቃተኝ።

አምስት ኤ፣ አንድ ቢ ፕላስ። ቢ ፕላሱ ስታቲስቲክስ ነው። እልል ማለት አማረኝ። ለማን ልንገር? ለእሷም ቢሆን እንኳን ደስ አለሽ ማለት አልችልም።

ሐሙስ

ስለ ስታቲስቲክሱ ሳስብ ዋልኩ። ፈተናው ይሆን ያበላሸባት? አስተማሪውን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ሳልጠይቀው አለፍኩ። ይሄም ድል ነው።

እሁድ

ምህረት ራሷ ደውላ ሲቀላ ሰፈር እናቷ ቤት ምሳ ጠራችኝ። ስለ መዳኗም፣ ስለ ውጤቷም ነው አለች። ታደሰ ከጫሞ ሐይቅ ትልቅ ዓሣ አስመጥቷል፤ ጎረቤት ተሰብስቧል።

«ልጃችን ሁሉንም ኤ!» ይላል ለገባው ሁሉ። ልጃችን። እስከ ሁለተኛው ጉርሻ ቻልኩት።

«ስታቲስቲክሱ ቢ ፕላስ ነው» አልኩ።

ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ይኸው ተፈጥሮዬ ነው።

ምህረት እጇን ከማዕዱ አነሳች። «አባዬ፣ እሱን ለማንም አልነገርኩም።»

«ታደሰ ግን…»

«እኔ መች አየሁና?» አለ ታደሰ። «ፖስታውን እንዳሸጋችሁት ሰጠኋት። ልጄ ናት፣ ኤ ነው ብዬ ነው እንጂ! ቢ ፕላስም አለ እንዴ? እሱም ይበላል!»

ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ።

ውጤቷን አይቷል ብዬ ነበር የምቀናበት። አሁን የምቀናው አደራውን ሳይከፍት ስላደረሰ ነው። ይሄኛው ይበልጥ ያማል።

ሰኞ

ጠዋት መጣች። እንደ ማንኛውም ተማሪ ተሰልፋ።

«ፋይሌን ማን ማን እንደከፈተው በጽሑፍ ይሰጠኝ» አለች አልማዝን። መብቷ ነው። አልማዝ ወደ እኔ ዞረች።

«ስጫት» አልኩ።

ስሜ አለበት፤ ቀኑና ሰዓቱም። ማህተሙን ያደረግኩት ራሴ ነኝ።

«ለዲኑ ትሰጪዋለሽ?» አልኳት።

«አስቤ እነግርሃለሁ።» አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትሄድ ስትል ቆም አለች። «ስታየው ምን አልክ?»

«ደስ አለኝ።»

«ብቻ?»

«ስታቲስቲክሱ ትንሽ…»

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቀች መሰለኝ። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም።