የሁለተኛ ፎቅ ሰላምታ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሁመይራ፤ አሰላሙ ዓለይኪ። ሲያትል ከነዝናቧ እንዴት ይዛሻለች? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

በሐምሌ አብረን ለምንወጣው የእሳተ ገሞራ ተራራ ብለሽ በላክሽልኝ ጫማ ላይ ግን ክስ አለኝ፤ ማሰሪያው ግመል ያስራል። አስሬ ቀና እስክል ባለቤቴ ሰፊያ ሻይ አፍልታ ትጠጣለች።

ዳላስ ዳገት ስለሌላት የምለማመደው በአፓርትመንታችን ደረጃ ነው። እሳተ ገሞራሽ ለወሎ ልጅ ምኑ ነው! ብቻ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ጨዋነት ይይዘኛል፤ ያገኘሁትን ሁሉ ቆሜ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ አገር ቤት እጠይቃለሁ። መልሱ ሲረዝምልኝ ደስ ይለኛል። ትናንት ነርሷ ጎረቤታችን ብርቅነሽ፣ «ጋሼ ሲራጅ፣ ዛሬ እኮ ሦስት ጊዜ ሰላም አሉኝ» አለችኝ።

«የወሎ ሰላምታ ገና መግቢያው ነው» አልኳት። አልሳቀችም።

ትኬቴን ትንሽ ቆይተሽ ቁረጪ፤ ጫማው እስኪላመደኝ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ብርቅነሽ ናት። የደም ግፊት መለኪያ ይዛ፣ «ሰላምታዎን ልመልስ መጣሁ» ትላለች። ሰፊያም ወንበር ስባላታለች። በይ የምጽፍበትን እጄን ስለያዙት እዚህ ላይ ላብቃ፤ አላህ ከነጤናሽ ያቆይሽ።

አጎትሽ ሲራጁዲን