ሪማስን ያልያዙ እጆች

ለተወደድከው ወንድሜ ለጋሳን፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? አዲሱ ሰው ሠራሽ እግር ተስማማህ ወይስ የሲድኒ ሙቀት ያሳክክሃል? ባለቤትህ ላምያስ? ትንሿ ጁድስ አደገች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማማ ስኳር ወረድ ብሏል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን አፍሬ ነው፣ ወንድሜ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የእኛን የታችኛውን ሰፈርና የላይኛውን ሰፈር ልጆች በአንድ አዳራሽ እንደማጫውት ነግሬህ ነበር። ጨዋታችን አሸናፊም ተሸናፊም የለውም። አንዱ መሀል ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ክብ ሠርተን የቆምነው እንይዘዋለን። አንድ ሕግ አለን፤ የአባት ስም አይጠየቅም። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ባለፈው ወር ሪማስ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከላይኛው ሰፈር መጣች። ገና ስታየኝ «አክስቴ፣ ቀጭን ነሽ እኮ! እኔን ስትይዢ እንዳትሰበሪ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ወደድኳት። እናትሽን ሰላም በይልኝ ልላት ፈልጌ፣ እንደ አገራችን ልማድ ሳላስበው «የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት። «የሐይደር፣ የዳቦ ጋጋሪው» አለችኝ። ሁለቱ ሰፈሮች በተታኮሱበት ጊዜ እግርህን በጥይት ያሳጣህ ሐይደር። ተራዋ ደረሰና ወደ እኔ ወደቀች። እጄን ሰበሰብኩ።

የእጇ አንጓ ተሰበረ። የላይኞቹ ልጆች «ሆን ብላ ነው የጣለቻት!» እያሉ ወንበር አነሱ፤ የእኛዎቹም አነሱ። ሪማስ እያለቀሰች «አዳልጦኝ ነው! ተቀመጡ! እናንተ ደግሞ ሰበብ ነው የምትፈልጉት!» ብላ ጮኸችባቸው። ወንበሮቹ ወረዱ። እኔ ትልቋ ምን አልኩ መሰለህ? «አዎ፣ አዳልጧት ነው» አልኩ። እጇን በሻሽ ስላሰርኩላት ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡት እናቶች መረቁኝ። ምርቃቱንም ተቀበልኩ፣ ጋሳን።

 በአራተኛው ቀን ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ። በሩን የከፈተው ራሱ ሐይደር ነው፤ ሸብቷል። ይጮህብኛል ብዬ እየጠበቅሁ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «ልጄ ነግራኛለች» አለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «አንቺስ መጣሽ። እኔ ወንድምሽ አገር ሳይለቅ አንድ ቀን እንኳ በሩን ማንኳኳት አቃተኝ» አለኝ። ስልክህን እንድሰጠው ለመነኝ።

አልሰጠሁትም። ቂም እንዳይመስልህ። ያቺን ልጅ ስጥላት ለወንድሜ ነው ብዬ ራሴን ሸንግያለሁ፤ አንተን ግን መች ጠየቅሁህ? አሁን ደግሞ ሳልጠይቅህ በስምህ ምሕረት ላድል? ስጪው ካልክ እሰጠዋለሁ፣ አይሆንም ካልክም አልፈርድብህም።

ሪማስ እጇ እስካሁን በጀሶ ነው፤ ወደ አዳራሹም አልተመለሰችም። ለልጆቹ ግን እውነቱን አልነገርኳቸውም። የፊታችን ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ እኔ የሚወድቅ ልጅ ይገኝ እንደሆነ አላውቅም።

ላምያን አጥብቀህ ሰላም በልልኝ። ጁድን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማማ «ፎቶ ብቻ ከሚልክ ድምፁን ያሰማኝ» ብላሃለች። ይህን ጉዳይ ለእሷ አልነገርኳትም፤ አደራህን አንተም እንዳትነግራት።

እህትህ ሱዓድ
ትሪፖሊ፣ ሊባኖስ
ማርች 12 ቀን 2019